የአሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር አባት

በመጠበቂያው ቤት መዝገብ እንደተጻፈው፣ ትርሲት የምትባለው የአምስት ዓመት ልጅ የዝናቡ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ለአባቷና ለእናቷ ተሰጠች፤ ርክክቡም በሰላም ተፈጸመ። የቤቱ ወጥ ሠሪ እማማ ደብሪቱ ግን በዚያ ቀን አባት የሚባል ሰው ከየትም አልመጣም ይላሉ። አባት የተባለው የወጣው ከራሳቸው ማድ ቤት ነው፤ በጓሮው በር ሲያልፍም ትኩስ ዳቦ አስይዘውታል።

ሁለቱም አልዋሹም። መዝገቡን የጻፉት ሰው ያዩትን ጻፉ፤ እማማ ደብሪቱም ያዩትን ተናገሩ። እኔ ደግሞ አባት በተባለው ካፖርት ውስጥ ስለነበርኩ፣ ነገሩን ከመነሻው ብተርከው ማንንም የምበድል አይመስለኝም።

ወደዚያ አገር የሄድኩት በፈቃዴ ነው። በኮሌጅ የሕፃናት አስተዳደግ ተምሬ ነበር፤ ሥራ እስካገኝ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ አንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ ማገልገል ይሻላል ብዬ ተመዘገብኩ። መልማዮቹ ስለ ትምህርቴም ስለ ጠባዬም አልጠየቁኝም። አንዲት ሴት በሜትር የትከሻዬን ስፋት፣ የክንዴን ርዝመት፣ ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ ያለውን ለካችና ለጓደኛዋ «ይኼኛው ለአራተኛው አልጋ ይሆናል» አለቻት። የአገሩን ቋንቋ ጠንቅቄ እንደማላውቅ ስነግራት ብዙም እንደማያስፈልገኝ ነገረችኝ። በሦስተኛው ሳምንት በሐይቅ ዳር ባለችው ከተማ ደረስኩ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከውኃው ተነሥቶ እስከ ቤቱ መስኮት ይመጣል፤ ረፋድ ላይ ሲመለስ ደግሞ የሄደ ሳይሆን ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል።

የመጠበቂያው ቤት፣ አሳዳጊ ቤተሰብ እስኪመጣላቸው ድረስ ሕፃናት የሚቆዩበት ነው። እኔ ስደርስ አሥራ አንድ ነበሩ። ትልቋ ትርሲት ነበረች፤ ስድስት ዓመት ሊሞላት አምስት ወር ቀርቷታል። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። በዚያ አገር ሕግ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው ትልቁ ቤት ይዛወራል፤ ከትልቁ ቤት ደግሞ ልጅ የሚወስድ ቤተሰብ የለም። ለምን እንደሌለ ጠይቄ ነበር። እስካሁን ወስዶ የሚያውቅ ስለሌለ ነው ተባልኩ።

ከእያንዳንዱ አልጋ ራስጌ ሁለት ማንጠልጠያ ተመትቷል። በአንዱ የወንድ፣ በሌላው የሴት ካፖርት ይሰቀላል። ካፖርቶቹን የሚልኩት ልጁን ሊወስዱ ቃል የገቡት ቤተሰቦች ናቸው፤ ጠረናቸው እንዳይጠፋ ሳይታጠቡ ይላካሉ። ወረቀቱ እስኪያልቅ አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃልና፣ ልጁ እስከዚያ ወላጆቹን እንዲለምድ በካፖርቶቹ ውስጥ ሰው ይገባል። ሰዎቹ እኛ ነን፣ በጎ ፈቃደኞቹ። ፊታችንን እስከ አንገታችን የሚሸፍን ግራጫ ዓይነ ርግብ እናደርጋለን። የምንናገረውም ቤተሰቡ ጽፎ የላከውን ብቻ ነው፤ ለአንድ ወላጅ አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተፈቅዷል።

ለሰሚ እንግዳ ነገር ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ግን የሞኝ ሥራ ነው ማለት አልቻልኩም። የቤቱ አለቃ ባላደራ ይባላሉ፤ ለስለስ ያሉ፣ ቁጣ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ቀድሞ በጎ ፈቃደኞች በገዛ ፊታቸው ይሠሩ እንደነበር አጫወቱኝ። ልጁ ይወዳቸዋል። ጊዜያቸው ሲያልቅ ይሄዳሉ። ልጁ ሳምንት ሙሉ እህል አይቀምስም። ሌላ ይመጣል፤ እሱም ይሄዳል።

«በአንድ ልጅ ላይ አምስት ጊዜ የእናት ሞት አደረስን» አሉኝ። «አሁን ሰው ይለዋወጣል እንጂ አባትየው አይሄድም። ማታ እንሰቅለዋለን፣ ጠዋት እናወርደዋለን።»

የትርሲት አባት ቡናማ ካፖርት ነበር፤ የግራ እጅጌው ጫፍ ላይ የቃጠሎ ምልክት አለው። እኔ በውስጡ አምስተኛው ሰው ነኝ። በመጀመሪያው ጠዋት ስገባ ልጅቱ ወደ ፊቴ ቀና አላለችም። እጄን ይዛ ገለበጠች፣ መዳፌን አየች።

«ዛሬ እጅህ ቀጭን ነው» አለችኝ።

ከአሥራ ሁለቱ ለዚህ የሚሆን አላገኘሁም። «ጫማሽን ማን አሰረልሽ?» አልኳት። ራሷ እንዳሰረችው ነገረችኝና ረክታ ከጎኔ ተቀመጠች። እናትየዋ ሰማያዊው ካፖርት ነበረች። በውስጧ አስካለ የምትባል የአገሬ ልጅ አለች፤ ነርስነት የተማረች፣ ትከሻዋ ጠባብ በመሆኑ ጥጥ የተጨመረላት። ከዓይነ ርግቡ ውጭ ስንገናኝ እንሳሳቃለን፤ ከውስጡ ስንሆን ግን እርስ በርሳችን እንኳ የምንነጋገረው በተሰጠን ቃል ነበር።

ልጅ ይጠይቃል። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን ለጥያቄ ተብለው አልተጻፉም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትርሲት ጭኔ ላይ ተቀምጣ የተቃጠለውን እጅጌ እየነካካች፣ «አባዬ፣ ግድግዳው ላይ ስትሆን ታየኛለህ?» አለችኝ።

«እናትሽን ጠይቂያት» አልኩ።

ወደ አስካለ ዞረች። የአስካለ ወረቀት ላይ ለዚህ የሚቀርበው «አባትሽ ያውቃል» የሚለው ነበርና እሱኑ አለቻት። ልጅቱ በሁለታችን መካከል ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻም ሁለታችን እንደምናውቅ፣ ግን ልንነግራት እንዳልፈለግን ተረዳችና ልትጫወት ሄደች።

ጠዋት ከመግባታችን በፊት በበሩ ስንጥቅ አያቸው ነበር። ልጆቹ ሲነቁ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ዞረው ባዶዎቹን ካፖርቶች እጅ ይነሣሉ። አንዳንዱ ያየውን ሕልም ይነግራቸዋል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ ደግሞ ይስቃል። ከካፖርት የሚሰማ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ጠዋት ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጫለሁ። ወላጆቻችሁን ሳሉ ሲባሉ አዝራሩን፣ ኪሱን፣ ጣቶቹን አሳምረው ይስላሉ፤ ከአንገትጌው በላይ ወረቀቱ ነጭ ነው።

በሦስተኛው ወር እኔም ላይ ለውጥ መጣ። በቤቱ ውስጥ መስተዋት የለም። አንድ ቀን ምሳ ላይ እማማ ደብሪቱ ወጥ ይጨመርልህ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ዛሬ ዝናብ ይመጣል» ብዬ መለስኩላቸው። ጭልፋውን ይዘው ትክ ብለው አዩኝ።

«ባሕር ተሻግራችሁ የመጣችሁት ልብስ ልትሞሉ ነው እንዴ ልጄ?» አሉ። «ለዚህማ ጭድ እዚሁ ሞልቶልን ነበር። ጭድ ደግሞ ወጥ አይጨርስም።»

ችግሩ የታወቀው አንድ ቤተሰብ በመጣ ጊዜ ነው። የመጡት በሁለተኛው አልጋ ላይ ያለውን የሦስት ዓመት ልጅ ሊወስዱ ነው። ባልና ሚስት ናቸው፤ ከረሜላ ይዘዋል። የላኳቸውን ካፖርቶች ለበሱና በገዛ ፊታቸው ወደ መኝታው ክፍል ገቡ። ልጁ ካፖርቶቹን አይቶ እየሮጠ ሄደ፣ ጉልበታቸውን አቀፈ፣ ቀና አለ፣ ጮኸ። ልጆቹ የሰው ፊት አያውቁም ማለት አይደለም፤ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፣ እማማ ደብሪቱንም ያያሉ። የወላጅ ፊት ግን አይተው አያውቁም። ከትርሲት በቀር ሁሉም አልጋ ሥር ገቡ። ትርሲት እግሬን ይዛ ወደ ኋላዬ ተሸጉጣ፣ በሹክሹክታ፣ «አባቱ ላይ ሰው በቅሎበታል» አለችኝ።

ባልና ሚስቱ እያለቀሱ ተመለሱ። በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። እጄን አውጥቼ፣ እኛ ዓይነ ርግቡን ብናወልቅ ልጆቹ ቀስ በቀስ ይለምዱታል አልኩ። ባላደራው እስክጨርስ አዳመጡኝ፤ ሐሳቤን ጻፉ፤ አመሰገኑኝም። ከዚያ በኋላ፣ አሥራ አንድ ልጆች በአንድ ቀን በአባትና በእናታቸው ላይ ሰው ሲበቅል ከሚያዩ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጨርቅ ቢያደርጉ አይቀልም ወይ ብለው ጠየቁ። ሳስበው ይቀላል። እጃችሁን አውጡ ሲባል ለእሳቸው ሐሳብ አወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ የሚመጣው በመንገዱ ዳር ወዳለችው ጎጆ ነው። እዚያ ካፖርታቸው ይሰጣቸዋል፣ ዓይነ ርግብ ያደርጋሉ፣ የጻፏቸውን አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያስታውሳሉ፣ ከዚያ በዋናው በር ይገባሉ። ዘበኛው ፊት ለማየት ስለማይችል ካፖርት ይቆጥራል። ሁለት ካፖርት ከገባና ሁለት ካፖርት ከወጣ ርክክቡ የጸና ነው። የሁለተኛው አልጋ ልጅ በዚህ መንገድ እየሳቀ ሄደ። በሁለት ወር ውስጥ ሌሎች ሦስትም ሄዱ። አንድም ልጅ አላለቀሰም። ማን እንደወሰዳቸው በመልክ የሚያውቅ ግን የለም፤ ይህንን ለባላደራው ባነሣ፣ ቀድሞም በመልክ ስላወቅናቸው ምን አተረፍን አሉኝ።

የትርሲት ወረቀት ያለቀው ስድስት ዓመት ሊሞላት ሃያ ቀን ሲቀር ነው። የርክክቡ ቀን ተቆረጠ፤ አዲስ ጫማ ተገዛላት። በዚያው ሳምንት ከእናትየዋ፣ ከወይዘሮ አማከለች፣ ደብዳቤ መጣ። አጭር ነበር። ባለቤታቸው ባለፈው ወር ዐርፈዋል፤ እሳቸው ግን ልጅቱን አሁንም ይፈልጋሉ፤ በቀኑ ይመጣሉ።

ባላደራው አስጠርተው ደብዳቤውን አስነበቡኝ። ሁለት ካፖርት ካልገባ ርክክብ የለም፤ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ልጅ ከሆነ ደግሞ ልምምዱ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ለዚያ አንድ ዓመት ያስፈልጋል፤ ልጅቱ ያላት ሃያ ቀን አይሞላም። ይህን ሁሉ በእርጋታ አስረዱኝና ትከሻዬን አዩ።

«አባትየው አልሞተም ወንድሜ» አሉኝ። «ካፖርቱ እኛ ዘንድ ነው።»

የፈለጉት ግልጽ ነው። በዚያ ቀን ካፖርቱን ለብሼ በማድ ቤቱ በኩል እወጣለሁ፤ በጎጆዋ ከወይዘሮ አማከለች ጋር እገናኛለሁ፤ አብረን በዋናው በር እንገባለን፤ ከዚያም አብሬያቸው ወደ ቤታቸው እሄዳለሁ። እስከ መቼ አልኩ። ልጅቱ እስክትጠግበው ድረስ አሉ። ባትጠግበውስ አልኩ። ልጆች ያድጋሉ አሉኝ። ወይዘሮዋም ተጠይቀው ተስማምተዋል። እንዳስብበት አንድ ቀን ጠየቅሁ፤ ሁለት ቀን ሰጡኝ።

ሁለቱን ቀን በቅንነት አሰብኩ። እምቢ ብል የእኔ ኅሊና ይነጻል፤ የንጽሕናውን ዋጋ የምትከፍለው ግን ልጅቱ ናት፣ ከኮረብታው ጀርባ። እሺ ብል በሞተ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ በማላውቀው ቤት «ብዪ እንጂ» እያልኩ እኖራለሁ። የምመካከረው ሰው አልነበረኝም። አስካለ ጊዜዋ አልቆ ወደ አገራችን ተመልሳለች፤ በሰማያዊው ካፖርት ውስጥ ሌላ ገብታለች። ትርሲት አዲሷ በገባችበት ጠዋት መዳፏን ይዛ «ዛሬ ደንደን ብለሻል» ከማለት በቀር ያለችው ነገር አልነበረም። ይህን አስታውሼ፣ እኔ ብሄድ ወይም ሌላ ቢሄድ ለእሷ ልዩነት የለውም አልኩ። እሺ ያልኩት ለዚህ ነው። ጥሩ ምክንያት እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ቡናማውን ለብሼ፣ ሰማያዊውን በክንዴ ይዤ፣ በማድ ቤቱ በኩል ወጣሁ። እማማ ደብሪቱ ዳቦውን በእጄ ሲያስይዙኝ ቀና ብለው አላዩኝም። በጎጆዋ ውስጥ አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ጥቁር ለብሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ካፖርቱን ስታይ ተነሣች። እኔን ሰላም ሳትል የግራ እጅጌዬን ይዛ ቃጠሎውን በአውራ ጣቷ አሻሸችው።

«በካውያ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለች። ቀጥላም፣ «እስቲ ቃሎቹን ያሰሙኝ» አለችኝ።

አሥራ ሁለቱንም በተራ አልኩላት። ጫማሽን ማን አሰረልሽ። ብዪ እንጂ። ዛሬ ዝናብ ይመጣል። ደክሞኛል፣ ግን ደህና ነኝ። ነይ እዚህ ከጎኔ ቁጭ በይ። እንዲህ እያልኩ እስከ መጨረሻው። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«ባለቤቴ ከእነዚህ አንዷንም ተናግሮ አያውቅም» አለች። «ዝምተኛ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ስንኖር ደክሞኛል እንኳ ብሎኝ አያውቅም። ወረቀቱ ሲላክልን እኔ ይኼን አልሞላም አለ። ሞላሁለት። ቢለኝ ብዬ የምመኘውን ጻፍኩ።»

ከልማድ የተነሣ «በኋላ እንነጋገራለን» የሚለው ከአፌ ወጣ፤ እሱም ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ዕንባዋን ስትጨርስ ከእኛ ጋር ቢኖሩ ደስ ይለኛል አለች። ስትናገር ዓይኗ ያለው አንገትጌው ላይ ነበር። የምታነጋግረው እኔን እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ብናገርም ባልናገርም፣ ብኖርም ብሞትም፣ በዚያ ካፖርት ውስጥ የሚገባውን ሰው ልጅቱም እናቲቱም መቼም አይጠይቁትም ነበር። ሰማያዊውን አለበስኳት፤ ዓይነ ርግቧን አስተካከልኩላት፤ ወጣን።

ዘበኛው «ሁለት» ብሎ አስገባን። ባላደራው መዝገባቸውን ይዘው በግቢው መካከል ቆመዋል፤ ልጆቹ ከኋላቸው ተሰልፈዋል። ማለዳ የዘነበው ገና አልደረቀም። ትርሲት በአዲሱ ጫማዋ ጭቃውን እየዘለለች መጣችና እጄን ያዘች።

«ይኼ የትናንቱ ነው» አለች። የእናትየዋን እጅ ወሰደች፤ ረዘም ላለ ጊዜ ያዘችው። «ይቺ አዲስ ናት።»

ባላደራው በሥርዓቱ መሠረት አባትሽና እናትሽ እነዚህ ናቸው ወይ ብለው ጠየቋት። ልጆቹ ሁሉ አዎ ማለት ተለማምደዋል። ትርሲት ግን አዎ ከማለቷ በፊት ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ እዚያም ማታ ማታ ትሰቀላለህ?»

ከአሥራ ሁለቱ ፈለግሁ። «እናትሽን ጠይቂያት» የሚለው ቀርቦ ነበር፤ አጠገቤ ያለችው እናት ደግሞ ምን ብላ እንደምትመልስ ወረቀቱ ይነግራታል። ልጅቱም ሁለታችንም እንደምናውቅ ደምድማ ዝም ብላ ትከተለናለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ።

«እኔ አባትሽ አይደለሁም» አልኳት። «አባትሽ ሞቷል። እኔ ካፖርቱን የምለብስ ሰው ነኝ።»

የራሴ ድምፅ ለጆሮዬ እንግዳ ሆነብኝ። ካፖርቱን አውልቄ በክንዴ ያዝኩት። ወይዘሮ አማከለች በዝግታ እጇን አንሥታ ዓይነ ርግቡን ገለጠች። ከኋላ የልጆቹ ሰልፍ ተበተነ፤ አንዳንዶቹ በባላደራው ካባ ሥር ገቡ። ትርሲት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች።

ባላደራው አልተቆጡም። አንድ ካፖርት ባዶ መሆኑን፣ በሌላው ላይ ደግሞ ሰው መብቀሉን፣ በዚህ ሁኔታ ርክክብ እንደሌለና ልጅቱ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ወደ ትልቁ ቤት እንደምትዛወር በዚያው በለስላሳ ድምፃቸው ነገሩን። ሥርዓት ግን ሥርዓት ነውና ብዕራቸውን ከመዝገቡ ላይ እንዳቀረቡ ምን ብዬ ልጻፍ ብለው ልጅቱን ጠየቋት። ዘበኛውም በሩን ሊዘጋ መወርወሪያውን ያዘ።

ትርሲት የእናትየዋን ፊት፣ ሰው ሳይሻገር የወንዝ ጥልቀት እንደሚያይ፣ አየችው። ወይዘሮ አማከለች ፈገግ አላለችም፤ ነይ አላለችም፤ ከጻፈቻቸው ቃሎች አንዱንም አልተናገረችም። አፍንጫዋ ከልቅሶው የተነሣ ቀልቶ ነበር። ልጅቱ ወደ እኔ መጣች፤ ካፖርቱን ከክንዴ ጎትታ ወሰደችው። በትከሻዋ ላይ ስትጥለው ጫፉ ጭቃው ላይ ተዘረጋ፤ እጆቿ በእጅጌዎቹ ውስጥ ጠፉ። እየጎተተችው በሩ ድረስ ሄዳ በዘበኛው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ሁለት ብለህ ቁጠር» አለችው። «አባዬን እኔ እለብሰዋለሁ። የምሄደው ፊት ካላት ጋር ነው።»